ለፋሲል ከነማ ስታዲየም የከተማው ካዝና ይከፈት?

አወያይ፦ በየሻይ ቤቱ የሚነሳውን ነገር ዛሬ እዚህ እናንሳው። የጎንደሩ እግር ኳስ ክለባችን ፋሲል ከነማ ደረጃውን የጠበቀ ስታዲየም ያስፈልገዋል፤ በዚህ ብዙም አንጣላም። ጠቡ ገንዘቡ ላይ ነው። ከከተማውና ከክልሉ በጀት ይውጣ ወይስ ክለቡና ደጋፊው እንደምንም ያዋጡት? ስድብ አይፈቀድም። ፖለቲካም በልኩ።

ቀይ ለባሹ፦ ምኑ ያከራክራል? በ2013 የሊጉን ዋንጫ ስናነሳ እኮ ጎንደር ላይ አንድም ጨዋታ አልነበረም። ውድድሩ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባህር ዳር፣ ድሬዳዋና ሀዋሳ ሲዞር ከረመ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ፋሲለደስ ስታዲየም ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ሲጮህ ኖሮ፣ ዋንጫውን በቴሌቪዥን አየው። ከሱዳኑ አል ሂላል ጋር ለአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ስንጫወትም "ሜዳችሁ" የተባልነው ባህር ዳር ነው። አፄዎቹ ተብለን ግቢ የሌለን!

የማራኪዋ እናት፦ አባትህን ዕድሜ ይስጥልህ ልጄ። እኔ ግን ሌሊት 9 ሰዓት ተነስቼ ጀሪካን እደረድራለሁ። ውሃ የምንጠጣበት የአንገረብ ግድብ በደለል መሞላቱን ከተማው በሙሉ ያውቃል። መገጭ ግድብ ሲጀመር ሆዴ ውስጥ የነበረችው ልጅ ዛሬ ጀሪካን ተሸካሚ ሆናለች። መጀመሪያ የምንጠጣውን ስጡን፣ ከዚያ እንጨፍራለን።

ቀይ ለባሹ፦ እትዬ፣ እውነትዎን ነው። ግን መገጭ የፌዴራል ፕሮጀክት ነው። እዚህ ስታዲየም ባይሠራ ገንዘቡ ዞሮ እርስዎ ቧንቧ ውስጥ አይገባም።

የማራኪዋ እናት፦ ግድቡስ የፌዴራል ይሁን። ከዋናው መስመር እኔ ደጅ ድረስ ያለው ቧንቧ የማን ነው?

(እዚህ ጋ ለጥቂት ደቂቃ ዝም ተባለ። ቀይ ለባሹ የእጅ ምልክት ብቻ ለጥፎ አለፈ።)

ባጃጅ ነጂው፦ እኔ በጀት ምናምን አላውቅም። ጨዋታ ያለ ቀን ከአዘዞ ፒያሳ ስመላለስ እውላለሁ። ሻይዋም ትሸጣለች፣ ቆሎም ይሸጣል። ስታዲየም ማለት ለእኛ ሥራ ነው።

ጡረተኛው ሒሳብ ሹም፦ የአንተን ገቢ አልጠላም። ግን ያ ተሳፋሪ የጎንደር ሰው ነው። ኳስ ባይኖር በዚያች ብር አራዳ ወርዶ ጠላ ይጠጣባት ነበር፣ ወይ ለልጁ ጫማ ይገዛባት ነበር። ገንዘቡ ኪስ ቀየረ እንጂ ለከተማው አልጨመረም። "ኢኮኖሚ ያነቃቃል" የሚባለው ላይ ሁሌ የምትዘለለው ይቺ ናት።

የሆቴል እንግዳ ተቀባይ፦ ጋሼ፣ ይሄ ለተራ ጨዋታ ልክ ነው። ሊጉ ክለቦቹን ሁሉ ሰብስቦ አንድ ከተማ ሲሰፍር ግን ሌላ ነው። ከ15 በላይ ክለብ ከነአሠልጣኙ ከነሐኪሙ ለሳምንታት ሆቴል ይይዛል። ያ ገንዘብ ከሌላ ከተማ የመጣ ነው። በግልጽ እንነጋገር ካልን፣ የሌላውን ከተማ ማዘጋጃ ቤት በጀት እዚህ ቁርስ አድርገን እንበላዋለን። ሀዋሳና ድሬዳዋ ሲበሉት ኖረዋል።

ጡረተኛው ሒሳብ ሹም፦ ይቺን አልክድም። ጥሩ ነጥብ ናት። ግን መንገዱ ሰላም ሳይሆን ሊጉ በምን ይመጣል? ሜዳው ቢያልቅ እንኳ አውቶቡሱ መድረስ አለበት።

ከሞንትሪያል፦ እኔ የምኖርበትን ከተማ ታሪክ ልንገራችሁ። በፈረንጆቹ 1976 ኦሎምፒክ ሲያዘጋጁ ከንቲባው ዣን ድራፖ "ወንድ ልጅ ሊያረግዝ ከቻለ ኦሎምፒክም ይከስራል" ዓይነት ነገር ተናግሮ ነበር። የስታዲየሙ ዕዳ ተከፍሎ ያለቀው በ2006 ነው። 30 ዓመት! ውድድሩ ሲካሄድ ያልተወለደ ሰው ሲጋራ በገዛ ቁጥር ታክስ ሲከፍልለት ኖሯል። ይሄ ሀብታም አገር ላይ ነው።

ቀይ ለባሹ፦ ኦሎምፒክ እናዘጋጅ ያለ ማን ነው እንዴ? ሣር፣ መብራትና መቀመጫ ነው ያልኩት።

መሐንዲሱ፦ እንግዲህ አሁን ገና ወደ ቁም ነገሩ መጣን። እኛ አገር ስታዲየም ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ስንት ሺህ ሰው ይይዛል የሚለው ነው። አዲስ አበባ ያለውን አደይ አበባን ተመልከቱ። 62 ሺህ ተመልካች ይይዛል ተብሎ በ2008 ተጀመረ። የመጀመሪያው ምዕራፍ ውል ወደ 2.5 ቢሊዮን ብር ነበር፣ የሁለተኛው ከ5.5 ቢሊዮን አለፈ። ባህር ዳርም ግዙፍ ነው፤ ግን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በ2014 መጀመሪያ "አይሆንም" ሲለው መጠኑ አላዳነውም። የሚታየው የመልበሻ ክፍሉ፣ ሜዳው፣ መብራቱ፣ የሕክምናና የጋዜጠኞች ክፍሉ ነው። ብሔራዊ ቡድናችን ዋሊያዎቹ ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፉት "በሜዳቸው" ነው ተብሏል። ሜዳው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነበር። ያን ቀን ደስ ይበለኝ ወይ ልፈር ግራ ገብቶኝ ነበር።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ አዲስ አትጀምሩ ነው። ያለውን ፋሲለደስን በየተራ አድሱት። አንድ ዓመት ሜዳውንና የውሃ መውረጃውን፣ በሚቀጥለው መልበሻውን፣ ከዚያ መብራቱን። እያንዳንዱ በራሱ ያልቃል። ገንዘብ ቢቋረጥ እንኳ ግማሽ ኮንክሪት ቆሞ አያፍጥብንም።

የማራኪዋ እናት፦ የሜዳው ሣር በምን ይጠጣል?

መሐንዲሱ፦ 😂 እትዬ አሸነፉኝ። ከጣራ የሚሰበሰብ የዝናብ ውሃና ጉድጓድ መታሰብ አለበት። ከከተማው መስመር ማጠጣት ነውር ነው።

ጡረተኛው ሒሳብ ሹም፦ ማንም ያላነሳትን ላንሳ። የመንግሥት ገንዘብ ለኳስ ይውጣ አይውጣ እያልን እንከራከራለን እንጂ፣ ገንዘቡ ድሮውንም እየወጣ ነው። አብዛኛው የሊጉ ክለብ የሚኖረው በከተማ ወይም በክልል በጀት ነው። የት ይሄዳል? ለደመወዝና ለፊርማ ገንዘብ። 50 ሺህ ብር የደመወዝ ጣሪያ ተብሎ ነበር፤ ማን ሰማው? ተጫዋቹ ሁለት ዓመት ይጫወትና ይሄዳል፤ ሄዶም በእኛው ላይ ጎል ያገባል። አጥር፣ ሣርና መልበሻ ክፍል ግን ዝውውር አይጠይቅም። እኔ የምለው፣ ካዝናው ላይ አዲስ ብር አትጨምሩ። በየዓመቱ ለተጫዋች የሚወጣውን ቀንሱና ሜዳው ላይ አውሉት። ደመወዙን ስፖንሰሩና ደጋፊው ይቻለው።

ቀይ ለባሹ፦ ጋሼ! ደመወዝ ቀንሰን ብንወርድስ? ከከፍተኛ ሊግ፣ ከሁለተኛው እርከን ማለት ነው፣ ለመመለስ ስንት ዓመት ሊፈጅብን?

ጡረተኛው ሒሳብ ሹም፦ ብንወርድ ቢያንስ እቤታችን እንወርዳለና።

ቀይ ለባሹ፦ ይሄ ቀልድ አይደለም። ቡድን የሌለው ስታዲየም ምን ያደርጋል? ዳሸን ቢራ የሚባል ቡድን ነበረን፣ አሁን የታለ?

ባጃጅ ነጂው፦ በነገራችን ላይ መዋጮ የሚባል ነገር እንዳይመጣ! ባለፈው ለሌላ ነገር ተብሎ በየፌርማታው ኩፖን ይዘው ቆሙብን። ሳልወድ ገዛሁ። ምን እንደተሠራበት ዛሬም የነገረኝ የለም።

አወያይ፦ እኔ እንግዲህ አወያይ ነኝ፣ ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን ወደ ጋሼና ወደ መሐንዲሱ አዘንብያለሁ። አንድ ቅድመ ሁኔታ አለኝ፦ ውሉ ሲፈረም የሥራ ተቋራጩ ማንነት፣ ዋጋውና የሚያልቅበት ቀን ስታዲየሙ በር ላይ በትልቁ ይለጠፍ። ዋጋው ሲጨምርም እዚያው ላይ ይጻፍ። ቀይ ለባሹ፣ የመጨረሻ ቃል?

ቀይ ለባሹ፦ ይለጠፍ። ግን ደመወዙን አትንኩብኝ። እትዬ ይፍረዱ።

አወያይ፦ እትዬ፣ አሉ?

የማራኪዋ እናት፦ ውሃ መጣ። በኋላ እመለሳለሁ።