ለወገብ ሕመም የታዘዘልኝን የድባቴ መድኃኒት ካቆምኩ ወዲህ ሕመሙ ብሶብኛል

ጠያቂ፦ እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ። ለወገቤ ሕመም ዱሎክሴቲን ታዝዞልኝ ስወስድ ቆይቼ፣ አብሮት ባለው ወረቀት ላይ «ለድባቴ» የሚል ስላነበብኩ ከ4 ቀን በፊት በራሴ ውሳኔ አቆምኩት። የሚያመኝ ወገቤ እንጂ አእምሮዬ አይደለም። አሁን ያዞረኛል፣ ያቅለሸልሸኛል፣ ኤሌክትሪክ የነካኝ ያህል ጭንቅላቴን ንዝር ያደርገኛል፤ ሁለት ሌሊት አልተኛሁም፣ ወገቤም ከበፊቱ ብሷል። በሽታው ወደ ጭንቅላቴ ወጥቶ ይሆን? ቤት የቀረ ትራማዶል የሚባል የሕመም ማስታገሻ አለኝ፤ ልውሰደው?

አንባቢው፦ አስቀድሞ የሕመምን ምንነት መረዳት ይገባል። ከ3 ወር በላይ የዘለቀ ወይም እየተመላለሰ የሚነሣ ሕመም ሥር የሰደደ ይባላል። የሕመም ተመራማሪዎቹ ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል እ.ኤ.አ. በ1965 ባቀረቡት «የበር» ንድፈ ሐሳብ እንዳስረዱት፣ ከወገብ የተነሣ የሕመም መልእክት እንዳለ አንጎል አይደርስም፤ ሕብለ ሰረሰር ላይ እንደ በር የሚቆጠር ማለፊያ አለ፣ ከአንጎል የሚወርደው መልእክትም ያንን በር ሊያጠብበው ወይም ሊከፍተው ይችላል። ጭንቀት፣ ድባቴና እንቅልፍ ማጣት ይከፍቱታል። ዱሎክሴቲን በዚሁ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ የሚሠሩትን የነርቭ መልእክት አስተላላፊ ኬሚካሎች፣ ሴሮቶኒንንና ኖራድሬናሊንን፣ ስለሚያበረታ፣ ድባቴ ለሌለበት ሰውም ለሕመም ይታዘዛል።

ጎረቤት፦ ያዘዘልዎትን ሐኪም ያነጋግሩ።

መድኃኒት ቀማሚ፦ ትራማዶሉን አይውሰዱ። ሁለቱም ሴሮቶኒንን ስለሚጨምሩ፣ ዱሎክሴቲኑን መልሰው ሲጀምሩ ቢገናኙ ትኩሳት፣ መንቀጥቀጥና የአእምሮ መደናገር ሊያስከትሉ ይችላሉ። የዘረዘሯቸው ምልክቶች ይህን መድኃኒት በድንገት ባቆሙ ሰዎች ላይ በቀናት ውስጥ የሚታዩ የታወቁ ምልክቶች ናቸው። ያለፈዎትን ለማካካስ ደራርበው እንዳይውጡ፤ እንዴት እንደሚመለሱበት፣ ማቆም ከፈለጉም እንዴት ቀስ በቀስ እንደሚቀንሱት ሐኪሙ ይወስን። ስንት ሚሊግራም፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደወሰዱ አልነገሩንም። ብልትዎ አካባቢ ከደነዘዘ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃተዎት ወይም እግርዎ ከዛለ ግን ጉዳዩ ሌላ ነውና በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ትከሻዬ፦ «ወገቤ እንጂ አእምሮዬ አይደለም» ያሉትን አልቀበለውም። እኔም 6 ዓመት ትከሻዬን ሲያመኝ እንዲሁ እል ነበር። ሕመሙ እንቅልፌን ወሰደ፣ እንቅልፍ ማጣቱ ከሰው አራቀኝ፣ ብቸኝነቱ ደግሞ ሕመሙን አበረታው፤ የቱ እንደቀደመ ዛሬም መለየት አልችልም። ድባቴዬ መታከሙ የትከሻዬን ሕመም ሐሰት አላደረገውም። አንድ ነገር በግልጽ ልጠይቅዎ፤ በእነዚህ ሌሊቶች ሕይወትዎን ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ? አስበው ከሆነ ብቻዎን አይደሩ፤ አሁኑኑ የሚቀርብዎትን ሰው ይጥሩና ወደ ሕክምና ይሂዱ።

ጎረቤት፦ ከላይ እንዳልኩት፣ ሐኪምዎን ያነጋግሩ።

ጠያቂ፦ 60 ሚሊግራም ነው፤ 7 ወር ወስጄዋለሁ። ትራማዶሉን አልነካሁትም። የሐኪሙ ስልክ አይነሣም።

መድኃኒት ቀማሚ፦ እንግዲያው መድኃኒቱን ወደገዙበት ፋርማሲ ይደውሉ፤ እነርሱም ካልተገኙ ማሸጊያውን ይዘው በአቅራቢያዎ ወዳለ ሕክምና ተቋም ይሂዱ። እስከ ነገ አይጠብቁ።

ትከሻዬ፦ የጠየቅሁዎትን ግን አልመለሱልኝም። እዚሁ ሆኜ እጠብቃለሁ።