የጉልበት ሎሚ ሕመም ጥናት፦ የጋራ ዕቅዳችን ውይይት

አስተባባሪዋ (ፊዚዮቴራፒስት፣ ቱሉ ዲምቱ)

ሰላም ለሁላችሁ። እንደተባባልነው የጋራ ዕቅዱን ውይይት ዛሬ ከፍቻለሁ። ሐሳባችሁን እዚሁ ጻፉ፤ የተስማማንበትን ወደ ረቂቁ አስገባለሁ።

ርዕሱ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። ባለፈው ወር አንዲት ታካሚዬን ቤቷ ድረስ ሸኘኋት። ኮንዶሚኒየም ነው፤ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም። ደረጃውን ቆጠርኩት፤ 64 ነው። ውሃ በፈረቃ ይመጣል፤ እሱም ላይ ድረስ አይደርስም። ስለዚህ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከታች ሞልታ ትወጣለች። ሽቅቡን እያረፈችም ቢሆን ወጣችው። ጉዱ ቁልቁሉ ላይ ነው። ባዶውን ጀሪካን በግራ እጇ ይዛለች፤ ቀኝ እጇ ግድግዳው ላይ ነው። ሁለቱንም እግሯን አንድ ደረጃ ላይ እያሳረፈች በጎኗ ትወርዳለች፤ ልክ ደረጃ እንደሚለማመድ ሕፃን። ዕድሜዋ 29 ነው።

ራጅ ተነስታ «ምንም የለብሽም» ተብላ ተመልሳለች። ጎረቤት «ብርድ መቶሽ ነው» ይላታል። ሁለት ዓመት ዲክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ስትውጥ ጨጓራዋን አስነስቶባታል። ጉልበቷ ግን ያው ነው።

ሕመሙ የታወቀ ነው። ከጉልበት ሎሚ ጀርባ ወይም ዙሪያውን ይሰማል፤ ጉልበት ታጥፎ ክብደት ሲሸከም ይብሳል። ደረጃ፣ ቁጢጥ ማለት፣ ሩጫ፣ ብዙ ተቀምጦ መነሳት። የዘርፉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ማንቸስተር ተሰብስበው በዚሁ ትርጉም ተስማምተዋል። ለመለየት ራጅ የግድ አይደለም፤ ታካሚዋን ቁጢጥ አስብሎ ማየት ብዙ ይናገራል።

የኔ ሐሳብ ይሄ ነው። አንዱ ቡድን ምክር ብቻ ያግኝ፤ ማለትም ሕመሙ ምን እንደሆነና ጫናን እንዴት ማመጣጠን እንደሚቻል። ሌላው ቡድን በዚያ ላይ የጭንና የዳሌ ጡንቻ ማጠናከሪያ ስፖርት ይጨመርለት፤ ለ12 ሳምንት። ከዚያ እናወዳድር።

የአጥንት ሐኪሙ

እደግፋለሁ። አንድ ነገር ከወዲሁ እንስማማ። ዕቅዱ ላይ «የሕመሙን መንስኤ እናገኛለን» ብለን አንጻፍ። አንድ መንስኤ የለውም።

እኔ ስማር «ልም አጥንቱ (መገጣጠሚያው ውስጥ አጥንቱን የሸፈነው ክፍል) ስለለሰለሰ ነው» ይባል ነበር። ነገር ግን ልም አጥንቱ ተጎድቶ የማያመው ብዙ ሰው አለ። ደህና ሆኖ የሚያመውም አለ። ስኮት ዳይ የሚባል አሜሪካዊ የአጥንት ሐኪም የገዛ ጉልበቱን ውስጡ ሳይደነዝዝ በመሣሪያ አስነክቶ የተሰማውን መዝግቧል፤ ጽሑፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። የሎሚው ልም አጥንት ሲነካ ምንም አልተሰማውም። ከሎሚው በታች ያለው የስብ ትራስና የመገጣጠሚያው ስስ ሽፋን ሲነኩ ግን ክፉኛ አመመው። ልም አጥንት ሕመም የሚያስተላልፍ ነርቭ የለውም፤ ስለዚህ ብዙም አያስገርምም። እኔ ለታካሚዎቼ የምለው እንዲህ ነው፦ ጉልበትሽ ከሚችለው በላይ ሲሠራ ቆይቶ ተቆጥቷል፤ አልተሰበረም።

ቀዶ ሕክምና እንጨምር የሚል ካለ ደግሞ አልስማማም። ፊንላንድ ውስጥ 56 ታካሚዎችን ለሁለት ከፍለው ነበር። ግማሾቹ በካሜራ የሚሠራውን የጉልበት ቀዶ ሕክምናና ስፖርት አገኙ፤ ግማሾቹ ስፖርት ብቻ። ከ9 ወር በኋላ ሁለቱም ተሻሽለዋል፤ ልዩነት ግን አልታየም። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ታትሟል። ቀዶ ሐኪም ነኝ፤ ለዚህ ሕመም ቢላ አላነሳም።

አሰልጣኙ (ሰንዳፋ)

ሰላም ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ልጆች አሠለጥናለሁ። እባካችሁ ሯጮቹንም አስገቡልኝ። አንድ ልጅ ጉልበቱን ሲያመው ሁለት ሳምንት ያርፋል። ሕመሙ ሲጠፋ በአንዴ ወደ ድሮው ኪሎ ሜትር ይመለሳል። በሦስተኛው ቀን እንደገና ያነክሳል። ከዚያ ወጌሻ ቤት፣ ከዚያ መርፌ፣ ከዚያ ወደ አገሩ። ተስፋ ያላቸውን ልጆች በዚህ አጥቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በደቂቃ የሚረግጡትን እርምጃ ብዛት በ10 በመቶ ከፍ ሲያደርጉ በሎሚው ላይ የሚያርፈው ጫና ይቀንሳል ሲባል ሰምቼ በልጆቹ ላይ ሞክሬዋለሁ። አጭር አጭር እርምጃ። ቁልቁለት ላይ በተለይ የረዳቸው ይመስለኛል። ይሄም ቢጠና ደስ ይለኛል።

አስተባባሪዋ

አሰልጣኝ፣ እርምጃውን በተመለከተ የሰሙት ትክክል ነው። ግን ሌላ ጥናት ልጥቀስልዎ፤ የኛን ዕቅድ በቀጥታ ይነካዋል። ካናዳ ውስጥ 69 ሯጮችን ለሦስት ከፈሉ። አንዱ ቡድን ጫናን ስለማመጣጠን ምክር ብቻ አገኘ። ሁለተኛው ምክርና ስፖርት። ሦስተኛው ምክርና የአሯሯጥ ማስተካከያ። በ8 ሳምንት ሦስቱም ተሻሽለዋል። የተጨመረው ነገር ከምክሩ የበለጠ ውጤት አላመጣም። እ.ኤ.አ. በ2018 ነው የታተመው። በሌላ በኩል ዓለም አቀፍ መመሪያዎቹ የዳሌና የጉልበት ስፖርትን ነው የሚያስቀድሙት። ስለዚህ ጥያቄው አልተዘጋም።

ሲስተር (ጤና ጣቢያ፣ ኮዬ ፈጬ)

ይሄን ሳነብ አንድ ነገር ከነከነኝ። ሯጭ «ጫና ቀንስ» ሲባል ኪሎ ሜትር ይቀንሳል። ያቺ የአራተኛ ፎቅ ልጅ ምኗን ትቀንስ? ውሃውን?

እኔም «ግማሽ ጀሪካን ያዢ» እል ነበር። ማታ ቁጭ ብዬ አሰብኩት። ክብደቷ 60 ኪሎ ነው እንበል። ሙሉውን ስትይዝ 80 ኪሎ ይዛ አንዴ ትወጣለች። ግማሽ ግማሽ ስታደርገው 70 ኪሎ ይዛ ሁለቴ። 64ቱ ደረጃ 128 ሆነ። የሚያማት መውረዱ ደግሞ እጥፍ ሆነ። ምክሬ ጎድቷታል ማለት ነው። ስንት ሰው እንዲህ እንደመከርኩ ሳስብ አዘንኩ።

ስለዚህ ምክሩ ራሱ ከዚህ ኑሮ መቀዳት አለበት። ለምሳሌ ሌሊት ግፊቱ ሲበረታ ውሃው ላይ የሚደርስባቸው ብሎኮች አሉ፤ በርሜል ገዝቶ ያኔ መሙላት። አንዴ ከወረዱ ገበያውንም ወፍጮውንም አንድ ላይ ጨርሶ መመለስ። ቡና ሲፈላ ከአጭሩ በርጩማ ይልቅ ከፍ ያለ ወንበር ላይ መቀመጥ። ትንንሽ ነገር ነው፤ ግን ማድረግ ይቻላል።

ይሄን ሁሉ አድርገው ጫናው የማይቀንስላቸው ካሉ ጉልበቱ ጫናውን እንዲችል ማጠንከር ነው የሚቀረው። ለኔ የጥናቱ እምብርት እዚህ ነው። ጫናዋን የመምረጥ ዕድል ለሌላት ሴት ምክር ብቻ ይበቃታል ወይ?

አስተባባሪዋ

ሲስተር፣ ዋናው ጥያቄያችን ይሄ ይሁን። እንዳለ ረቂቁ ላይ አስገብቼዋለሁ።

ስፖርቱን በተመለከተ ዕቃ የሚጠይቅ አይሁን። የደረጃው መጨረሻ እርከን ራሱ መሣሪያ ነው፤ በአንድ እግር ቀስ ብሎ ተረከዝ መሬት እስኪነካ መውረድና መመለስ። ከወንበር መነሳትና መቀመጥ። በጎን ተኝቶ እግር ማንሳት፤ ሲለመድ ከብስክሌት ጎማ የውስጡን ላስቲክ ቆርጦ ቁርጭምጭሚት ላይ ማሰር። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱ 20 ደቂቃ። ሕመሙ ከ10 ነጥብ ሲለካ ከ3 ካልበለጠና በማግስቱ ካልባሰ ይቀጥላሉ።

የስታትስቲክስ ባለሙያው

ቁጥሩን ሠርቻለሁ። ውጤቱን የጉልበት ሎሚ ሕመምን በሚለካውና ከ100 በሚቆጠረው የኩያላ መጠይቅ የምንለካ ከሆነ ለታካሚ ትርጉም ያለው ለውጥ 10 ነጥብ ገደማ ነው። መለኪያው ከሰው ሰው በ15 ነጥብ ይለያያል ብለን እናስብ፤ ልዩነቱን የማግኘት ዕድላችን ደግሞ 80 በመቶ ይሁን። በየቡድኑ 36 ሰው ያስፈልጋል። ከአምስት አንድ ሰው ያቋርጣል ብንል 45። በጠቅላላው 90።

ሯጮቹን ከደረጃ ወጪዎቹ ጋር ብንቀላቅል ግን መልሱ ይደበዝዝብናል። አሰልጣኝ ይቅር ይበሉኝ፤ የእርስዎ ልጆች የራሳቸው ጥናት ይገባቸዋል።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሁለት ጎረቤታሞች በተለያየ ቡድን ቢመደቡ ቡና ላይ አንዷ ለሌላዋ ስፖርቱን ታሳያታለች። በሳምንቱ ሁለቱም ይሠሩታል። ብሎኩን በሙሉ ወደ አንድ ቡድን እንመድብ ብንል የሰው ብዛት በጣም ይጨምራል። ስለዚህ ከአንድ ብሎክ አንድ ሰው ብቻ እንመዝግብ። ብሎክ ሞልቷል። ምደባው በታሸገ ፖስታ ይሁን፤ ውጤቱን የሚለካው ሰው ማን የት እንደተመደበ አይወቅ።

አሰልጣኙ

ቅር አላለኝም፤ ምክንያቱ ገብቶኛል። ቀጣዩ የሯጮቹ እንደሚሆን ግን ረቂቁ ላይ ይጻፍልኝ። እስከዚያ ማን መቼ እንዳመመውና በዚያ ሳምንት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሮጠ በደብተር እይዛለሁ።

የአጥንት ሐኪሙ

ዕድሜው ከ18 እስከ 40 ይሁን። ከዚያ በላይ ከመገጣጠሚያ መበላት ጋር ይምታታብናል። ጉልበቱ ያበጠ፣ የሚቆለፍበት፣ ወድቆ የተመታ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰው ሕመም ያለበት ሰው ወደኔ ይላክ እንጂ ጥናቱ ውስጥ አይግባ። ከ40 በላይ የሆኑ እናቶች «እኛስ?» ማለታቸው አይቀርም። ስፖርቱን ከጥናቱ ውጭ እናስተምራቸው፤ ባዶ እጃቸውን አንመልሳቸው።

ሲስተር

ወጌሻ ጋ የሚሄዱትንስ? እንከልክል ብንል ይሄዳሉ፤ ይደብቁናል። በየሳምንቱ «መታሸት፣ ቅባት፣ ክኒን፣ ፀበል፣ ምን ሞከርሽ?» ብለን ያለ ቁጣ እንጠይቅና እንመዝግብ።

ሁለተኛ፣ መለኪያው በሰሞነ ሕማማት እንዳይውል። በዚያ ሳምንት ስግደቱ ብዙ ነው፤ የደህናውም ጉልበት ያብጣል። ሙስሊም እህቶቻችንም በረመዳን ሌሊት ቆመው ይሰግዳሉ። ሁለቱም ቀናቸው ከዓመት ዓመት ስለሚንቀሳቀስ መቁጠሪያውን አይተን እንወስን።

አስተባባሪዋ

ተቀብያለሁ። የሁለተኛው ቡድን ስፖርት ካበቃ በኋላ የመጀመሪያውም ቡድን ስፖርቱን ያገኛል ልል ነበር፤ ግን ዓመት ሲሞላ እንደገና እንለካለን ካልን እስከዚያ መጠበቅ አለባቸው። ይሄ ሕመም ዓመታት ሊቆይ ስለሚችል የዓመቱን ውጤት መተው አልፈልግም። ለሥነ ምግባር ኮሚቴው በግልጽ እንጻፈው፤ ለተሳታፊዎቹም ሲፈርሙ አንብበን እናስረዳ። ኮሚቴው ሳይፈቅድ፣ ጥናቱም በአፍሪካ የክሊኒካል ሙከራዎች መዝገብ ላይ ሳይሰፍር አንድም ሰው አንመዘግብም።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ

የኩያላ መጠይቅ ላይ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1993 ፊንላንድ የወጣ ነው፤ 13 ጥያቄ አለው። ቃል በቃል ከተረጎምነው «ለመዝለል ትቸገሪያለሽ?» ስንላቸው ይስቃሉ። «ጉልበት አጥፎ ለረጅም ጊዜ መቀመጥ» ግን ሚኒባስ የኋላ ወንበር ብለን ብናስረዳቸው ወዲያው ይገባቸዋል።

የስታትስቲክስ ባለሙያው

መዝለሉን ማውጣት አንችልም፤ ነጥቡን ከሌላ አገር ጥናት ጋር ማወዳደር ይቀራል። ሁለት ሰው ለየብቻ ወደ አማርኛ ይተርጉመው፤ ዋናውን ያላየ ሦስተኛ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው። እናንተ ከኑሯቸው ወስዳችሁ የምትጨምሯቸውን ጥያቄዎች ለብቻ እናያይዛቸው፤ ከ100ው ጋር አይደመሩም። በኦሮምኛም ይዘጋጅ።

አስተባባሪዋ

የምናያይዛቸውን ጥያቄዎች ትናንት ለዚያችው ታካሚዬ አነበብኩላት። «ስትሰግጂ ያምሻል?» አልኳት። «መስገዱስ ደህና ነው፤ መነሳቱ ነው እንጂ» አለችኝ። ጥያቄውን ቀይሬዋለሁ። ሲስተር፣ አንቺም በኮዬ በኩል ለአምስት ሴቶች አንብቢያቸውና የሚሉሽን እንዳለ ጻፊልኝ፤ ቅዳሜ 4 ሰዓት ስንገናኝ እሱን ይዘን ረቂቁን እንጨርሳለን።