ከኦንላይን ዝግጅታችን ሰው ባዶ እጁን ይወጣል፤ ምን ላድርግ?

አዘጋጇ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የሙያ ማህበራችንን ወርሃዊ የኦንላይን ዝግጅት የማሰናዳው እኔ ነኝ። ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ተናጋሪ እንጋብዛለን፣ ስላይድ ያቀርባል፣ መጨረሻ ላይ ጥያቄ ያለው ይጠይቃል፣ ተመሰጋግነን እንለያያለን። ሰው አይጠፋም፤ ከመቶ በላይ የሚገባበት ጊዜ ብዙ ነው። የአስተያየት ፎርሙ ላይም «በጣም ጥሩ ነበር» የሚለው ይበዛል።

ባለፈው ወር ርዕሳችን የፕሮጀክት በጀት አሠራር ነበር። ካለቀ ከአሥር ቀን በኋላ ለስምንት ተሳታፊዎች ደወልኩ። «ከዚያ ቀን ወዲህ በጀት ስትሠሩ የቀየራችሁት ነገር አለ?» አልኳቸው። ሁሉም ተናጋሪው ጎበዝ እንደነበር ነገሩኝ። ምን እንዳለ ግን በቅጡ የሚያስታውስ አላገኘሁም። አንዷ «ስለ መጠባበቂያ ገንዘብ የሆነ ነገር ብሎ ነበር» አለችኝ፤ ከዚያ በላይ አልሄደችም። ስልኩን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። መቶ ሰው ሥራውን ትቶ ሁለት ሰዓት ሰጥቶናል፤ እኛ በምትኩ ምን ሰጠነው?

የሞከርኩትን ልንገራችሁ። ስላይዱን አሳመርን። ስም ያላቸው ተናጋሪዎች ጋበዝን። ካሜራ እንዲከፈት ለመንን። ለውጥ የለም። ቀጣዩ ዝግጅት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ ርዕሱም ያው የበጀቱ ሁለተኛ ክፍል ነው። ሰው በእርግጥ የተማረበት የኦንላይን ዝግጅት ያዘጋጃችሁ ካላችሁ፣ ምን እንዳደረጋችሁ ንገሩኝ።

ጠመኔ፦

እህቴ፣ ደውለሽ መጠየቅሽ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ብዙ አዘጋጅ ፎርሙን አይቶ ነው የሚረጋጋው።

መርሳታቸው አይግረምሽ። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ በራሱ ላይ የሠራውን የማስታወስ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1885 አሳትሟል። ከተማርነው ብዙው የሚጠፋው ቶሎ፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ውስጥ መሆኑን ያሳየው እሱ ነው። አንዴ ሰምቶ ለአሥር ቀን መያዝ ከማንም አይጠበቅም፤ ተናጋሪው የፈለገውን ያህል ቢጎብዝ።

የሚያስቀረው ነገር ምን መሰለሽ? ነገሩን ከራስ ጭንቅላት መልሶ ማውጣት ነው። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ሙከራ አንዱ ቡድን አጭር ጽሑፍ አራት ጊዜ እየደጋገመ አነበበ፤ ሌላው አንድ ጊዜ አንብቦ ሦስት ጊዜ ጽሑፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ያነበቡት 40 በመቶ ገደማ፣ ከጭንቅላታቸው ያወጡት 61 በመቶ ገደማ አስታወሱ። ያንቺ ፎርም የሚሞላው በአምስተኛው ደቂቃ ላይ ነው። የደወልሽው በአሥረኛው ቀን ነው። ለዚያ ነው ሁለቱ ያልተገናኙት።

የኦንላይን ትምህርት ላይም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት 21 ደቂቃ የሚሆን የስታትስቲክስ ትምህርት ቪዲዮ አራት ቦታ ቆርጦ፣ ለአንዱ ቡድን ከየክፍሉ በኋላ አጭር ጥያቄ ሰጠ። ጥያቄ የተሰጣቸው ሰዎች ሐሳባቸው የመንከራተቱ ነገር በግማሽ ገደማ ቀነሰ፣ ማስታወሻም አብዝተው ያዙ፣ በመጨረሻው ፈተናም የተሻለ ሠሩ። ቪዲዮው ያው ነው፤ ማንም አላሳመረውም።

ስለዚህ ከተናጋሪው አትጀምሪ። «ሰው ከዚህ ሲወጣ ምን መሥራት ይችላል?» ከሚለው ጀምሪ። «ስለ በጀት ግንዛቤ ይኖረዋል» መልስ አይሆንም። «መጠባበቂያ የሌለውን በጀት አይቶ ይለያል» ይሆናል። ከዚያ ያንኑ እዚያው አሠሪያቸው።

ለምሳሌ አንድ ገጽ በጀት አዘጋጂና ሦስት ስህተት ክተቺበት። ስህተቶቹ ሰው በእውነት የሚሳሳታቸው ይሁኑ፤ የትራንስፖርት ወጪ ሁለት ቦታ የተቆጠረበት፣ መጠባበቂያው የተረሳበት፣ የስድስት ወር ሠራተኛ የአሥራ ሁለት ወር ደመወዝ የተያዘለት፣ እንዲህ ያለ። ተናጋሪው አፉን ከመክፈቱ በፊት ሰዉ አምስት ደቂቃ ይየው። አያገኙት ይሆናል። ምንም አይደለም፤ የት እንደተደናቀፉ ያውቃሉ፣ ማብራሪያው ሲመጣ ጆሯቸው የሚቆመውም ያኔ ነው። ከዚያ አሥር ደቂቃ ገለጻ፣ ከዚያ ማስታወሻ ተዘግቶ ሁለት ጥያቄ፣ ከዚያ ወደ በጀቱ መመለስ። በዚህ አካሄድ ሁለት ሰዓት የሚሸከመው ሁለት ሐሳብ ነው፣ ቢበዛ ሦስት። የቀረውን ቁረጪው። እኔም ሳሠለጥን በጣም የሚከብደኝ እሱ ነው፤ የምትወጂውን ነገር መቁረጥ ያማል።

ማይክ ጠባቂ፦

እኔ ከጀርባ ሆነው እንዲህ ያሉ ዝግጅቶችን ከሚያንቀሳቅሱት ነኝ፤ ማይክ እዘጋለሁ፣ ቻት እከታተላለሁ፣ የጠፋ ሰው እመልሳለሁ። ጠመኔ ባለው እስማማለሁ፤ ግን ነገሩ መሬት ሲወርድ የሚበላሽበት ቦታ አለ።

የመጀመሪያው ዝምታን አለመቻል ነው። ተናጋሪው «ጥያቄ አለ?» ይላል፣ ሁለት ሰከንድ ይጠብቃል፣ «እሺ እንቀጥል» ይላል። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ከብዙ ዓመት በፊት ክፍል ውስጥ ሰዓት ይዛ ያየችው ይህንኑ ነበር፤ መምህራን ከጠየቁ በኋላ በአማካይ አንድ ሰከንድ ገደማ ነበር የሚታገሡት። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ የሚመልሰውም ሰው በዛ። ያ ፊት ለፊት ነው። ኦንላይን ላይ ደግሞ የማይክ ቁልፍ መፈለግ አለ፣ የኔትወርክ መዘግየት አለ፣ በስልክ መተየብ አለ። እኔ ሰላሳ ሰከንድ አስጠብቃለሁ። ለተናጋሪው በግል መልእክት «ቆይ፣ ገና ነው» እያልኩ። አስጨናቂ ነው፤ ሃያኛው ሰከንድ ላይ ግን ቻቱ መንቀሳቀስ ይጀምራል።

ቻት ላይ ሌላ ችግር አለ። የመጀመሪያው ሰው መልስ ሲጽፍ የቀረው ማሰብ ያቆማል፤ «እስማማለሁ» እየተባለ ይወርዳል። መፍትሔው ቀላል ነው። «ሁላችሁም መልሳችሁን ጻፉ፣ ግን እንዳትልኩ። አንድ ደቂቃ አላችሁ።» ደቂቃው ሲያልቅ «አሁን ላኩ።» መቶ መልስ ባንዴ ይዘንባል። ሁሉም በራሱ አስቧል፤ ተናጋሪውም የተሳሳተው ሰው ብዛት ፊት ለፊቱ ይታየዋል።

ፖል (ስክሪን ላይ ወጥቶ ሰዉ መልሱን የሚመርጥበት ጥያቄ) ከተጠቀምሽ «ስለ በጀት ያውቃሉ? አዎ፣ አይ» ዓይነቱን ተዪው። ምንም አያስተምርም። የተሳሳቱት አማራጮች እውነተኛ ስህተቶች ይሁኑ። ኤሪክ ማዙር የተባለው የሃርቫርድ የፊዚክስ መምህር እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ተማሪዎቹን በዚህ መንገድ አስተምሯል፤ መጀመሪያ ለብቻ ይመርጣሉ፣ ከዚያ ከጎናቸው ካለው ሰው ጋር ይከራከራሉ፣ ከዚያ እንደገና ይመርጣሉ። ክርክሩ የሚያፈራው ከተሳታፊው ከሲሶ እስከ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ትክክል ሲሆን ነው። ሁሉም ካወቀው የሚያከራክር የለም፤ ማንም ካላወቀው ደግሞ ማብራሪያ ነው የሚያስፈልገው።

ሌላ ደግሞ፣ ተናጋሪው እየተናገረ ቻት አያነብም። ሁለቱን ባንዴ የሚችል ሰው አላየሁም። ለቻት ብቻ አንድ ሰው መድቢ፤ ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ ሰብስቦ በየሃያ ደቂቃው ያቅርብለት። ጥያቄ ሁሉ መጨረሻ ላይ ሲከማች ሰዓት ያልቅና ሰዉ ጥያቄውን ይዞት ይወጣል።

ከዳር ሆኜ፦

እኔ አዘጋጅም አሠልጣኝም አይደለሁም። ተሳታፊ ነኝ። በስልክ የምገባ፣ ልጅ አጠገቤ ያለ፣ ኔትወርኬ የሚቆራረጥ ተሳታፊ። የእኛን ወገን የሚናገር ስላልመጣ ነው የምጽፈው።

ካሜራ ማስከፈት ይቅር። እባካችሁ። የስታንፎርዱ ጀረሚ ቤይለንሰን እ.ኤ.አ. በ2021 የቪዲዮ ስብሰባ ለምን እንደሚያደክም ሲጽፍ ያነሳቸው ምክንያቶች በእኔ ላይ ሁሉም ይደርሳሉ፤ ያ ሁሉ ዓይን ቅርብ ሆኖ ሲያፈጥጥብሽ፣ የራስሽን ፊት ያለማቋረጥ ስታዪ፣ ከመቀመጫሽ መነቃነቅ ሳትችዪ ስትቀሪ፣ በአካል ሳለን ሳናስበው የምናነበውን የፊት ገጽታ እዚህ በግድ ስትፈልጊ። ካሜራዬ ተከፍቶ ስለ መልኬ ከማስብ፣ ተዘግቶ ስለ በጀቱ ባስብ አይሻልም?

ብሬክአውት ሩም የሚባሉት ትንንሽ ክፍሎችም ላይ የምለው አለኝ። ባለፈው ጊዜ ከአምስት የማላውቃቸው ሰዎች ጋር «ተወያዩ» ተብለን ገባን። ምን እንደምንወያይ ያወቀ አልነበረም። ሦስት ደቂቃ ዝም፣ ሁለት ደቂቃ ትውውቅ፣ ከዚያ ክፍሉ ተዘጋ። እንዲህ ከሆነ ቢቀር ይሻላል። ክፍሎቹን የምትከፍቺ ከሆነ ሦስት ወይም አራት ሰው ይሁን። ሥራው ከመግባታችን በፊት በጽሑፍ ይድረሰን፤ ክፍሉ ውስጥ ከገባን በኋላ ዋናው ስክሪን ላይ የነበረውን ስላይድ አናየውም። የሚጠበቀውም የሚጻፍ ነገር ይሁን፤ «ሦስቱን ስህተቶች በየመስመራቸው ጻፉ» ቢባል እንኳን የሚያፍር ሰው እጁ ይሠራል። አሥር ደቂቃ ስጪን፣ አምስት አይበቃም።

መናገር የማይፈልግ ሰው አይማርም ብላችሁም አታስቡ። እኔ ዝም ብዬ ወረቀት ላይ ስሠራ ነው የሚገባኝ። «አሁን ሁላችሁም በወረቀታችሁ ላይ ሥሩ፣ አራት ደቂቃ» የሚል አዘጋጅ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የገጠመኝ፤ ያን ቀን የተማርኩትን እስከ ዛሬ እጠቀምበታለሁ።

ፋይሎቹን ቀድማችሁ ላኩልን፣ በስልክ በሚነበብ መጠን። ተናጋሪው ስላይዱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ቃል በቃል አያንብብ፤ ማንበቡን እንከተል ወይስ እሱን እንስማ? ቅጂውን ስትልኩ ደግሞ ሁለት ሰዓቱን እንዳለ አትላኩ፣ ማንም አያየውም። በኢድኤክስ (edX) የኦንላይን ኮርሶች ላይ 6.9 ሚሊዮን የቪዲዮ እይታ ተመርምሮ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ጥናት፣ ቪዲዮው ምንም ቢረዝም መካከለኛው ተማሪ የሚቆይበት ጊዜ ከስድስት ደቂቃ እንደማያልፍ ነው ያሳየው። ቆርጣችሁ፣ በየቁራጩ ርዕስ ሰጥታችሁ ላኩልን።

አዘጋጇ፦

ከልብ አመሰግናለሁ፤ በተለይ «ከዳር ሆኜ»፣ የካሜራውን ነገር ዛሬውኑ ከግብዣ ደብዳቤው ላይ አወጣዋለሁ። እንዲህ እንደሚከብድ አላሰብኩም ነበር።

ሁለት ነገር ግን ያስጨንቀኛል። ተናጋሪያችን በሙያው የተከበረ ሰው ነው፤ 60 ስላይድ አዘጋጅቶ ጨርሷል። እንዴት ብዬ ነው «ሁለት ሐሳብ ብቻ» የምለው? ሌላው ደግሞ ሰው በነፃነት ሊያዳምጥ መጥቶ ፈተና ሲቀርብለት ቅር ይለው ይሆናል። የፎርሙ ውጤት ቢወርድ ኮሚቴው ምን ይለኛል?

ጠመኔ፦

ተናጋሪውን ስላይድ ቀንስ አትበዪው። ቃለ መጠይቅ አድርጊው። «በዚህ ሥራ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የት ነው?» ብለሽ ጀምሪ፤ የተከበረ ባለሙያ ይህን ጥያቄ ይወደዋል፣ ዕድሜውን ሙሉ ያየው ነገር ነውና። ስህተት ያለበትን በጀትም አብሮሽ ይሥራው። ስላይዶቹ አይጣሉም፤ ከዝግጅቱ በኋላ ለንባብ ይላካሉ። ቀድመሽ ሃያ ደቂቃ ተለማመዱ፣ የት እንደሚያቆምና የት እንደሚጠብቅ ይወቅ።

የፎርሙ ነገር እውነት ነው፣ ሊወርድ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2019 ሃርቫርድ ውስጥ በፊዚክስ ተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት ይህንኑ ነው ያገኘው፤ እየሠሩ የተማሩት በፈተና በለጡ፣ ግን ጥሩ ገለጻ ካዳመጡት ያነሰ የተማሩ መሰላቸው። ሲሠሩ ስለታገሉ፣ መታገሉን አለማወቅ አድርገው ቆጠሩት። ተመራማሪዎቹ ታዲያ ያሉት፣ ይህን ለተማሪዎቹ መጀመሪያውኑ ንገሯቸው ነው። አንቺም መክፈቻው ላይ ንገሪያቸው። «ዛሬ እንሠራለን፣ ጥቂት ይከብዳል፣ የምንይዘው ግን በዚህ መንገድ ነው» በያቸው። ፈተና የሚለውን ቃል ደግሞ አትጠቀሚ፤ ውጤት አይመዘገብም፣ ስም አይታይም።

ለኮሚቴው ደግሞ ፎርሙን ብቻ ይዘሽ አትሂጂ። ከሳምንት በኋላ ለተሳታፊዎች ሌላ አንድ ገጽ በጀት ላኪ፣ አዲስ ስህተት ያለበት። ስንቱ እንዳገኘው ይዘሽ ሂጂ። ያቺ መልእክት ራሷ ማስታወሻ ትሆናቸዋለች፤ ሊረሱ ሲሉ ትደርሳለች።

ማይክ ጠባቂ፦

አንድ ነገር ልጨምር። ፖሎቹንና ክፍሎቹን ከዝግጅቱ በፊት ባለው ቀን በስልክም በኮምፒውተርም ገብታችሁ ሞክሯቸው። ፖል ሊከፈት ሲል እምቢ ብሎ ሰው አምስት ደቂቃ ከጠበቀ፣ ያ ሰው አይመለስም።

አዘጋጇ፦

እሺ፣ ዛሬ ለተናጋሪው ደወልኩለት። የጠመኔን ጥያቄ ነው የጠየቅሁት፣ «ሰው የሚሳሳተው የት ነው?» አልኩት። አርባ ደቂቃ አወራኝ። ከነዚያ 60 ስላይዶች አንዱን እንኳ አላነሳም፤ ከራሱ ሥራ ላይ የገጠሙትን እየነገረኝ እኔ ጻፍኩ። ሁለት መረጥን፣ መጠባበቂያውንና ሁለት ጊዜ የሚቆጠረውን ወጪ። ስህተት ያለበትን በጀት እሱ ራሱ እሠራዋለሁ ብሏል።

መክፈቻው ላይ አምስት ደቂቃ በዝምታ በወረቀት ይሠራል። ክፍሎቹ የአራት ሰው ይሆናሉ፣ መግባት ያልፈለገ ዋናው ቦታ ላይ ሆኖ ለብቻው ይሠራል። ቻቱን የሚይዝ ሰው አግኝቻለሁ። በሳምንቱ ሁለተኛው በጀት ይላካል፤ በአሥረኛው ቀን ለነዚያው ስምንት ሰዎች እደውልና የሚሉኝን እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።