ለኦፕቲፕሌክስ 7010 የሚሆን ዋይፋይ ካርድ፦ የቱን ልግዛ?

አቢ_ዴስክ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ማሽኑ ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ነው፤ ትንሹ ኬዝ (ኤስኤፍኤፍ)፣ ኮር አይ5 3ኛ ጀነሬሽን፣ ዊንዶውስ 10፣ 64 ቢት። ዋይፋይ የለውም። ራውተሩ ሳሎን፣ ኮምፒውተሩ መኝታ ቤት፤ መሀላቸው ሁለት የብሎኬት ግድግዳ አለ። ቤቱ የኪራይ ስለሆነ ግድግዳ በስቶ ኬብል ማሳለፍ አይቻልም። አንዱ ሱቅ ጥፍር የምታክል የዋይፋይ ዩኤስቢ ያሳየኛል፣ ሌላው ኤኤክስ210 ካርድ፣ ሦስተኛው «ኤኤክስ211 ውሰድ፣ አዲሱ እሱ ነው» ይለኛል። ለጆሮ ማዳመጫ ብሉቱዝም እፈልጋለሁ። ምን ትላላችሁ?

ስሎት_1፦
211ን ተወው። ቁጥሩ ቢበልጥም አንተ ማሽን ላይ አይነሳም። ኤኤክስ201 እና ኤኤክስ211 የሥራቸውን እኩሌታ ለኢንቴል ቺፕሴት የሚተዉ ካርዶች ናቸው፣ ሲኤንቪአይ ይባላል። ያንን የሚደግፍ አዲስ የኢንቴል ማዘርቦርድ ከሌለ በየትኛውም አዳፕተር ብትሰካው ዊንዶውስ አያየውም። ኤኤክስ200 እና ኤኤክስ210 ግን በተለመደው ፒሲአይ ኤክስፕረስ (ማዘርቦርዱ ላይ ባለው የካርድ መሰኪያ፣ ስሎት) ነው የሚሠሩት።

ከሁለቱ 200 ይበቃሃል። የ210 ብልጫው 6 ጊጋኸርዝ የሚባለው የዋይፋይ ሞገድ ነው፤ እሱን ለመጠቀም ዊንዶውስ 11 እና 6 ጊጋኸርዝ የሚለቅ ራውተር ያስፈልጋል። ዋጋቸው እኩል ከሆነ 210ን ያዝ፣ ካልሆነ ልዩነቱን ለአንቴና አስቀምጠው።

ከመክፈልህ በፊት ሁለት ነገር በዓይንህ እይ። አንደኛ፣ ካርዱ ከኬዙ ጀርባ የሚታሰርበት ቆርቆሮ። ረጅሙ 12 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፣ ያንተ ኬዝ የሚቀበለው 8 ሳንቲሜትር የሚሆነውን አጭሩን ብቻ ነው። አዲስ ካርድ ካርቶኑ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አጭሩ አብሮ አለ፣ ያለ ካርቶን የሚሸጠው ላይ ግን ይጎድላል። «ቆርቆሮውን ፈትተህ ዝም ብለህ ስካው» ቢሉህ አትስማ፤ የአንቴናው ክብደት ካርዱን ከስሎቱ ያነቃንቀዋል። ሁለተኛ፣ ባለ 9 ፒን ኬብል መኖሩን አረጋግጥ። ብሉቱዙ በስሎቱ አይመጣም፣ በዩኤስቢ ነው የሚሄደው፤ ያ ኬብል ማዘርቦርዱ ላይ ካለው የዩኤስቢ 2 ሄደር (የፒኖች መሰኪያ) ካልተገናኘ ዋይፋዩ እየሠራ ብሉቱዙ ጭራሽ አይታይም። ስለዚህ ቤትህ ኬዙን ከፍተህ ነፃ ሄደር መኖሩን እይ። በሁለት ረድፍ 10 ቦታ ኖሮት አንዱ ጥግ ላይ ፒን የጎደለው ነው። ከሌለ የብሉቱዝ ዩኤስቢ ለብቻ ግዛ።

የኔታ_ኬብል፦
ወንድሜ፣ ካርድ ከመምረጥህ በፊት ራውተሩን እወቅ። 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ የሚለቅ የቀድሞ (ዋይፋይ 4) ራውተር ከሆነ ከእነዚህ ካርዶች የትኛውንም ብትገዛ በ20 ሜጋኸርዝ ቻናል የሚገናኘው ቢበዛ በ144 ሜጋቢት ነው፤ በተግባር እጅህ የሚገባው የዚያ ግማሽ ገደማ። ማወቂያው ቀላል ነው፦ 5 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ የሚቀበል ስልክ ራውተሩ አጠገብ አገናኝና የኔትወርኩ ዝርዝር ላይ ፍሪኩዌንሲውን አንብብ።

ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥርም አያታልህ። «ኤኤክስ3000» ማለት የ5 ጊጋው 2402 እና የ2.4ቱ 574 ሜጋቢት ተደምረው ነው፤ ኮምፒውተርህ በአንድ ጊዜ በአንዱ ባንድ (የሞገድ ክልል) ብቻ ነው የሚገናኘው። 2402 ደግሞ የሚገኘው ራውተሩም 160 ሜጋኸርዝ ሲችል ነው። በ80 ሜጋኸርዝ 1201 ይሆናል፤ ራውተሩ የቀድሞው ኤሲ (ዋይፋይ 5) ከሆነ 867። የቤትህ መስመር ስንት ሜጋ ነው? ብዙ ጊዜ ከዚህ ሁሉ በታች ነው።

የሁለት ብሎኬት ግድግዳ ነገር ካነሳህ፣ 5 ጊጋ ከ2.4 ይልቅ በግድግዳ ይዳከማል። እዚህ ላይ ነው አንቴና ከካርድ የሚበልጠው። ካርዱ ላይ በቀጥታ የሚጠመዘዙት ሁለት ዘንጎች ከብረት ኬዝ ጀርባ፣ ከግድግዳ ጋር ተጣብቀው ነው የሚቀሩት። ሽቦ ያለውና ከታች ማግኔት ያለው አንቴና ፈልግ፣ ጠረጴዛ ላይ አውጥተህ ወደ በሩ አዙረው። ሁለቱንም ጫፍ በጣትህ አጥብቅ፣ በፒንሳ አይደለም። አንዱ ከላላ ካርዱ ይሠራል፣ ፍጥነቱ ግን ይወርዳል፤ ሰው ደግሞ ራውተሩን ይሳደባል።

አቢ_ዴስክ፦
አመሰግናለሁ። ስልኩ 5180 ሜጋኸርዝ ይላል፣ 5 ጊጋ አለው ማለት ነው? ዩኤስቢዋስ ጨርሶ አትረባም?

ፒንጉ፦
አዎ፣ 5180 ቻናል 36 ነው፣ 5 ጊጋ። እዚያው ላይ ይቆይ፤ ራውተሩን «አውቶ» ላይ ከተውከው ከ52 እስከ 144 ወዳሉት ቻናሎች ሊሄድ ይችላል፣ እነሱን ራዳርም ስለሚጠቀምባቸው ራውተሩ ራዳር ሰማሁ ብሎ ቻናል ሲቀይር ግንኙነቱ ይቋረጣል።

ዩኤስቢዋ ጥፍር የምታክለው ከሆነች ይቅርብህ፣ አንቴናዋ እዚያች ፕላስቲክ ውስጥ ነው ያለው። በተጨማሪ ዩኤስቢ 3 ላይ ሃርድ ዲስክ ከሰካህ ከገመዱ የሚወጣው ረብሻ 2.4 ጊጋን ይበክላል። ዩኤስቢ የግድ ከሆነ አንቴናዋ ውጭ የሆነውን ውሰድና በ1 ሜትር ማራዘሚያ ከኬዙ አርቃት።

ካርዱን ስትገጥም፦ ኮምፒውተሩን አጥፋ፣ የኃይል ገመዱን ንቀል፣ ማብሪያውን ጥቂት ሰከንድ ተጫነው። ከካርዱ ይልቅ ስሎቱ ቢረዝም ችግር የለም፣ ኤክስ1 ካርድ ኤክስ16 ውስጥ ይሠራል። ድራይቨሩን አስቀድመህ ከኢንቴል ገጽ በፍላሽ አምጣ፤ የዋይፋዩና የብሉቱዙ ሁለት የተለያዩ ፋይሎች ናቸው። ከረሳህ ስልክህን በዩኤስቢ ሰክተህ ቴዘሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት ማካፈያ) ክፈት፣ ያንን ዊንዶውስ ያለ ተጨማሪ ነገር ይቀበለዋል።

ሲገናኝ 2.4ን ከመረጠ፣ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ የካርዱ አድቫንስድ ላይ «ፕሪፈርድ ባንድ»ን ወደ 5 ጊጋ ቀይረው።

የኔታ_ኬብል፦
አንድ ልጨምር። አሮጌ ራውተር ቤት ውስጥ ካለና ሪፒተር ሞድ (የዋናውን ራውተር ዋይፋይ ተቀብሎ ማስተላለፊያ) ካለው፣ ካርድ ሳትገዛ መኝታ ቤት አስቀምጠህ በአጭር ኬብል ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘው። ድራይቨር አይጠይቅም። ብሉቱዙን ግን አይሰጥህም።