ሰዓቱ ሲዞር የሕፃናት እንቅልፍ

በአውሮፓ እንደ ልማዱ በጥቅምት ሰዓቱ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ሲመለስ የሁለት ዓመት ልጃቸው ከንጋቱ በፊት እየተነሳ እንዳስቸገራቸው ለጠየቁን እህት፣ ጀርመን ሁለት ልጆች ባሳደግሁባቸው ዓመታት ያየሁትን አሁን ካለሁበት ከደብረ ብርሃን ልጻፍላቸው።

ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ልዩነት በምትወጣበትና በምትጠልቅበት በሰሜን ሸዋ ላደግን ሰዎች ሰዓት በአዋጅ መዞሩ ራሱ እንግዳ ነው። ለእኔ ነገሩ የገባኝ በስልክ ነበር። ልጆቼ ከመተኛታቸው በፊት በጀርመን አቆጣጠር ከምሽቱ 7 ሰዓት፣ ማለትም እዚህ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ፣ ለእናቴ ይደውሉ ነበር። ሰዓቱ በተመለሰበት ምሽት ያው 7 ሰዓት እዚህ 3 ሰዓት ሆነና፣ እናቴ በርኖሷን ደርባ እሳቱ ዳር እያንጎላጀች፣ ትንሹም ልጄ ዓይኑን እያሸ ተነጋገሩ። «ሰዓቱን አዞሩት፤ ልጁን ማን አዞረው?» አለችኝ። ልጁም ሲነጋ ሳይሆን በጨለማው፣ በጀርመን 5 ሰዓት ላይ፣ «ነጋ» ብሎ ተነሳ።

በዓመቱ ግን ለውጡ ስድስት ቀን ሲቀረው ጀምረን ስልኩን፣ እራቱን፣ ገላ መታጠቡንና መኝታውን በየምሽቱ 10 ደቂቃ እያዘገየን ሄድን፤ እናቴም «2 ሰዓት ከ10፣ 2 ሰዓት ከ20» እያለች አብራን ቆጠረች። መኝታውን ብቻ አዘግይቶ እራቱን በቦታው መተው አይበጅም፤ ልጁ ማለዳ ርቦት ይነሳል። ከለውጡ በኋላም ቀድሞ ቢነቃ መብራት ሳያበሩ፣ ድምፅን ዝቅ አድርጎ እዚያው አልጋው ላይ ማቆየት ይሻላል።

በመጋቢት ሰዓቱ ወደ ፊት ሲሄድ አካሄዱ ይገለበጣል፤ በየምሽቱ 10 ደቂቃ ማስቀደም ነው። ያኔ የሚያስቸግረው ብርሃኑ ነው፤ ብርሃን እንቅልፍ የሚያመጣውን ሜላቶኒን የተባለ ሆርሞን ስለሚገታ፣ ማታ ወፍራም መጋረጃ መዝጋት፣ ጧት ደግሞ ልጁን ቶሎ ደጅ ማውጣት ያስፈልጋል። ማታ ይተኛል ብሎ የቀን እንቅልፍ መከልከል ግን ስህተት ነው፤ ከመጠን በላይ የደከመ ሕፃን ይነጫነጫል እንጂ አይተኛም።

ሳትዘጋጁ ቀኑ ቢደርስባችሁም አብዛኞቹ ልጆች በአንድ ሳምንት ገደማ ይለምዱታል። አያት ያላችሁ ግን የመደወያው ሰዓት እንደሚለወጥ ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ እናቴ ያን የመጀመሪያ ምሽት፣ ስልኩ እስኪጠራ አንድ ሰዓት ሙሉ፣ ክፉ ነገር የደረሰብን መስሏት ነበር።