በማደንዘዣ ወቅት የደም ግፊትን በመድኃኒት ማውረድ፦ ወሰኑ የት ነው?
የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች፣ ለሳይነስ (በአፍንጫ ዙሪያ ላሉ የአየር ክፍተቶች) ቀዶ ሕክምና መድማትን ለመቀነስ ግፊትን በመድኃኒት ማውረድ የተለመደ ቢሆንም፣ ታካሚው ለዓመታት ከደም ግፊት በሽታ ጋር የኖረ ሲሆን የት ላይ ማቆም እንዳለብኝ መወሰን አቅቶኛል። ለጤነኛ ሰው አማካይ ግፊት 65 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይበቃል ቢባልም፣ በእንዲህ ያለ ታካሚ አንጎል የደም ፍሰቱን የሚያስተካክልበት ዝቅተኛ ወሰን ከፍ ስለሚል፣ ያው ቁጥር አደገኛ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ጭንቅላቱ ከፍ ተደርጎ ሲተኛ፣ አንጎሉ ክንዱ ላይ ከታሰረው መለኪያ በ20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢል፣ እዚያ ያለው ግፊት በ15 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ያንሳል፤ መቼም ይህን ሞኒተሩ አይነግረንም። ኢስሞሎል በዋናነት የልብን ሥራ በመቀነስ፣ ናይትሮግሊሰሪን ግን የደም ሥርን በማስፋት ግፊትን ስለሚያወርዱ፣ ለእንዲህ ያለ ታካሚ የትኛውን ትመርጣላችሁ? ከመነሻ ግፊቱስ ስንት በመቶ ሲቀንስ ታቆማላችሁ?