ከመስመሬ የወጣው ኢሜይል የማን ነው? ዋይፋይ ለተከራይና ለጎረቤት ማካፈል

የኮፒ ቤቷ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ነኝ። ከዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ ብዙም ሳይርቅ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ስካነር። ከሱቁ ጀርባ ያለው ግቢ የእናቴ ነው። አራት ተማሪዎች ተከራይተውበታል።

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ሱቁን ስከፍት ኢንተርኔት የለም። መብራት አለ፣ ራውተሩም በርቷል፣ ግን ምንም አይከፍትም። ኢንተርኔት ወደሚያቀርብልኝ ድርጅት ደወልኩ። ከመስመርሽ በጣም ብዙ ያልተፈለገ ኢሜይል ስለወጣ ታግዷል፣ የአጠቃቀም ደንቡን ጥሰሻል አሉኝ። እኔ እኮ በወር ሁለት ኢሜይል ብልክ ነው!

ጊዜው ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚታተምበት ነው። ልጆቹ በቴሌግራም ይልኩልኛል፣ እኔ አትማለሁ። ሁለት ቀን ሙሉ በስልኬ ዳታ ስሠራ ዋልኩ። አንዷ ተማሪ የማስረከቢያ ሰዓቷ ሊያልፍ ሲል እንባዋ መጣ። እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ማታ ውሉን ከመሳቢያ አውጥቼ አነበብኩት። ስፈርም አላነበብኩትም፣ መስመሩ ቶሎ እንዲገባልኝ ብቻ ነበር የቸኮልኩት። በመስመሩ ለሚደረግ ነገር ሁሉ ተጠያቂው የፈረመው ደንበኛ ነው ይላል። አገልግሎቱን ለሌላ መሸጥም ሆነ ከተመዘገበው ቤት ውጪ ማስተላለፍ አይቻልም ይላል። እዚህ ጋ ደነገጥኩ።

እውነቱን ልናገር። ተማሪዎቹ ከኪራዩ ሌላ ለዋይፋይ በወር 150 ብር ይሰጡኛል። አጥሩን አሻግሬ ለጎረቤቴ ፀጉር ቤትም ኬብል ስቤለታለሁ። እሱ የወሩን ሲሶ ይከፍላል። ክፉ አስቤ አይደለም። እኛ ሰፈር ውሃ ሲጠፋ ቧንቧው የመጣለት ላልመጣለት ያስቀዳል። ይሄንንም እንደዚያው ነው ያየሁት።

ኢሜይሉን ማን እንደላከው እንዴት ላውቅ እችላለሁ? ልጆቹን ልጠርጥር? ደግሞስ ያ 150 ብር መሸጥ ነው ማካፈል?

ገመድ ዘርጊ፦

እህቴ፣ ልጆቹን ከመጠርጠርሽ በፊት የሱቅሽን ኮምፒውተሮች ተመልከቺ። የኔትወርክ ሥራ ነው የምሠራው። እንዲህ ዓይነት ጉዳይ ሲገጥመኝ አብዛኛውን ጊዜ ላኪው ሰው አይደለም፣ ማሽኑ ነው። ኮፒ ቤት ማለት የመንደሩ ፍላሽ ሁሉ የሚሰካበት ቦታ ነው። ዊንዶውሱ ክራክ የተደረገ ከሆነና አንቲቫይረሱም ካልታደሰ አንድ ፍላሽ ይበቃል። ቫይረሱ ተደብቆ ይቀመጥና በአንቺ መስመር ለማታውቂያቸው ሰዎች ማስታወቂያ ሲልክ ያድራል።

እነሱ እንዴት አወቁ ካልሽ፣ ኢሜይል ከሰርቨር ወደ ሰርቨር የሚሄድበት ፖርት፣ ማለትም ቁጥር የተሰጠው የመውጫ በር፣ 25 ቁጥር ነው። ሰው ከላፕቶፑ በኢሜይል ፕሮግራም ሲልክ በ587 ወይም በ465 ነው የሚወጣው። ከአንድ ኮፒ ቤት በ25 መልእክት ሲጎርፍ ካዩ የተያዘ ማሽን እንዳለ ወዲያው ይጠረጥራሉ።

የሚቸኩሉበትም ምክንያት አለ። አንድ የአይፒ አድራሻ፣ ማለትም መስመርሽ በኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበት ቁጥር፣ ብዙ ጊዜ ለአንቺ ብቻ የተሰጠ አይደለም፣ ብዙ ደንበኞች ይጋሩታል። እንደ ስፓምሃውስ ያሉ ድርጅቶች ቆሻሻ መልእክት የሚወጣበትን አድራሻ መዝግበው ለዓለም ያሳውቃሉ። ያ አድራሻ አንዴ ከተመዘገበ ምንም ያላጠፋ ሌላ ነጋዴ የላከው ኢሜይልም ተመላሽ ሊሆንበት ይችላል። እኔ ግን ከመቁረጣቸው በፊት ቢደውሉልሽ ጥሩ ነበር ባይ ነኝ። እንጀራሽ ነው።

አሁን ሁሉንም ከራውተሩ ንቀዪ። የሱቁን ማሽኖች ፋይል አስቀምጠሽ ፎርማት አስደርጊ። የሚቀመጠውን ፋይል ራሱን በሌላ ንጹሕ ማሽን ሳታስፈትሺ አትመልሺው፣ ያው ቫይረስ ተመልሶ ይገባል። የራውተሩ መግቢያ ፓስወርድ ፋብሪካው የሰጠው ከሆነ ዛሬውኑ ቀይሪው። የጥበቃ ካሜራ አለሽ? በ2016 እንደ ፈረንጆቹ ሚራይ የሚባለው ቫይረስ የፋብሪካ ፓስወርዳቸው ያልተቀየረ ካሜራዎችንና ራውተሮችን ሰብስቦ ትልልቅ ድረ ገጾችን አስተኝቶ ነበር። የካሜራው ባለቤቶች ምንም አያውቁም።

ተማሪዎቹን ደግሞ በእንግዳ ዋይፋይ ለይተሽ አስቀምጫቸው። አብዛኞቹ ራውተሮች አላቸው። ያኔ የአንዱ ስልክ ቢበከል ወደ ሱቅሽ ኮምፒውተር አይሻገርም።

የሕግ ተማሪ፦

እርስዎ ጋ ሳላሳትም አልቀረሁም መሰለኝ፣ አይዞዎት። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 15 ያለተቀባዩ ፈቃድ የማስታወቂያ መልእክት ማሰራጨትን ይከለክላል። ግን የሚቀጣው ዕቃ ወይም አገልግሎት ለማስተዋወቅና ለመሸጥ አስቦ ያሰራጨውን ነው። ማሽኑ ሳያውቅ የተበከለበት ሰው ከዚያ ጋር አንድ አይደለም። ውል ማፍረስና ወንጀል መሥራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የእርስዎ ጉዳይ የውል ነው የሚመስለኝ።

ኬብሉ ግን ያሳስበኛል። የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ 1148/2011 የቴሌኮም አገልግሎት መስጠትን በፈቃድ ላይ አስሮታል። ጎረቤት በየወሩ ከፍሎ ከእርስዎ ኢንተርኔት ሲያገኝ ማካፈል ነው ብሎ ማስረዳት ይከብዳል። ቢነቅሉት ይሻላል። 150 ብሩንም ያቁሙ።

የስድስት ክፍል አከራይ፦

ልጄ፣ እኔም እዚሁ ሐዋሳ ታቦር አካባቢ ስድስት ክፍል አከራያለሁ። ለዋይፋይ ብዬ ለብቻው አልቀበልም። ኪራዩ ውስጥ ነው። ውኃና መብራት እንዳለው ቤት፣ ኢንተርኔትም ያለው ቤት ብዬ ነው የማከራየው።

እንደዚያም ሆኖ መጀመሪያ ጠይቄያለሁ። ቢሮ ሄጄ፣ ግቢዬ ውስጥ ተከራይ አለ፣ ይጠቀም ወይ አልኳቸው። በአንድ ግቢ ውስጥ ከሆነ ችግር የለም አሉኝ። በጽሑፍ ስጡኝ ብዬ አስፈረምኩ። ያንቺ ድርጅት የተለየ ሊል ይችላል፣ ሄደሽ ጠይቂ። በቃል የተባለን ነገር አትመኚ።

አንድ ሌላ ነገር። ያልተገደበ የሚባለውም ጥቅል ገደብ ሊኖረው ይችላል። አንዱ ተከራዬ ሌሊቱን ፊልም ሲያወርድ አድሮ የሁላችንም ፍጥነት እስከ ወር መጨረሻ ወደቀ። ውሉ ላይ በትንሽ ፊደል ተጽፏል። አሁን ልጆቹ ሲገቡ ቁጭ አድርጌ እነግራቸዋለሁ። ስማቸውና ስልካቸውም ደብተሬ ላይ አለ።

የኮፒ ቤቷ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የመጣሁት ሁኔታውን ልነግራችሁ ነው።

ገመድ ዘርጊ፣ ልክ ነበርክ። በር አጠገብ ያለው፣ ደንበኛ ራሱ ፍላሽ የሚሰካበት ኮምፒውተር ነው የተበከለው። ኮምፒውተር የሚጠግንልኝ ልጅ ሲፈትሸው ከመቶ በላይ ቫይረስ አገኘበት። ሁለቱንም ፎርማት አስደረግሁ። ከዚህ በኋላ ፍላሽ የምቀበለው በአንዱ ብቻ ነው፣ እሱም ከኢንተርኔት ተነቅሏል። ያደረግሁትን ጽፌ ወሰድኩላቸው፣ ማክሰኞ ከሰዓት መስመሩ ተመለሰ።

ተማሪዎቹን ሰብስቤ ነገርኳቸው። በልቤ ጠርጥሬያቸው ስለነበር ይቅርታ ጠየቅኋቸው። 150 ብሩ ቀርቷል። ለተከራይ የሚሆን ፈቃድ በጽሑፍ ጠይቄ መልስ እየጠበቅሁ ነው። እስኪመጣ ድረስ ለእነሱ ዘግቼዋለሁ፣ ከባዱ ይሄ ነው፤ አንዱ ሌሊት ነው የሚያነበው።

የፀጉር ቤቱን ኬብል ዛሬ ጠዋት ጠቀለልኩት። ጎረቤቴ ቅር ብሎታል። ስድስት ዓመት አብረን ሠርተናል። የራሱን መስመር እንዲያስገባ ማመልከቻውን እኔው ጽፌለት በነፃ አተምኩለት፣ ነገ አብሬው ሄጄ እናስገባለን። ውሉን ከመፈረሙ በፊት አነብለታለሁ ብዬዋለሁ።